የ«ፎሎው» ገጽ የመጨረሻ መስመር

ለጥሩዬ፣

ከተለያየን ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆነን። በደብዳቤ ወግ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። እኔም «እንደምን ሰንብተሻል» ብዬ ልጀምር ስል በቀይ እስክሪብቶ ስትሰርዢው ታየኝ፤ ተውሁት። የተቀመጥሁት ደባርቅ፣ የእህል መጋዘኔ በር ላይ፣ አንቺ የተማሪ ደብተር ስታርሚ ትቀመጪበት በነበረው በርጩማ ላይ ነው። የምጽፈው በማስታወሻዬ ላይ ነው። «የአንተ ማስታወሻ ዝናብ ጣለ፣ ገብስ ገባ ብቻ ነው፤ ሰው የለበትም» ትይኝ ነበር። ዛሬ ሰው ይኖርበታል።

መጀመሪያ የቤቱን ነገር ልንገርሽ። የጓሮው አጥር በክረምቱ ንፋስ ወደቀ፤ በድንጋይ አሠራሁት። ሰባት ዓመት ቁረጠው ስትይኝ የነበረውን ባሕር ዛፍ ቆረጥሁት። እውነትሽን ነበር፤ ጎመኑ ፀሐይ አገኘ። ቀይዋ ዶሮሽ እንቁላል መጣል ካቆመች ቆየች። በእኔ ሒሳብ ለፋሲካ መታረድ ነበረባት፤ አልታረደችም፤ እስካሁን በሩ ላይ ትዞራለች። ታላቅ እህትሽ ይርገዱ በየሁለት ሳምንቱ ከዳባት ትመጣለች። ወጡ ላይ ጨው ታበዛለች፤ አልናገራትም። ልጃችን ማስተዋል የአስጎብኚነት ፈቃዷን አግኝታ በስሜን ተራሮች ፓርክ ከሳንቃ በር እስከ አምቢኮ እንግዳ ትወስዳለች። ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል፤ አካሄዷ ያንቺው ነው፣ ቸኩላ፣ አንገቷን ወደ ፊት ሰግ አድርጋ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን አረንጓዴው ደብተርሽ ነው።

ለሰባተኛ ክፍል ልጆች ብለሽ የጀመርሽው፣ ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ ገጽ የሰጠሽበት። የመዝገበ ቃላቱ ፍች አይበቃሽም ነበር። ቃሉን ይዘሽ ገበያ ትወጪና የአገሩ ሰው በአማርኛ በስንት ዓይነት እንደሚለው ትጠይቂ ነበር። እኔ እህል ስሰበስብ አንቺ ቃል ትሰበስቢያለሽ። የመጨረሻው ገጽ የ«ፎሎው» ነበር። እኔም «ይኼማ ቀላል ነው፤ ‹ተከተለ› ብለሽ እለፊው» አልሁሽ። አንቺም ቀና ብለሽ «አንተ ነጭ ሽንኩርትን ሁሉ ነጭ ሽንኩርት ብለህ በአንድ ዋጋ ትገዛለህ?» አልሽኝ። ትልቅ ፍሬ፣ ደቃቅ፣ እርጥብ፣ ደረቅ እያልሁ በአራት ስለይ የምውል ሰው ነኝና ተረታሁ።

ያን ሰሞን መጋዘኑ ፊት ለፊት ከሚሸጡት ሴቶች መካከል ቁጭ ብለሽ «ምን ምን ይከተላችኋል?» ብለሽ ስትጠይቂ ትዝ ይለኛል። ድንች ሻጯ እትዬ ሰርኬ «እኔንማ መምህርት፣ የሚከተለኝ የጎረቤት ውሻ ነው፤ እሱም ሥጋ የያዝሁ ቀን» አለችሽ። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ፤ አንቺ ሳትስቂ ጻፍሽው። ተማሪዎችሽ በስልክ ሰው «ፎሎው ማድረግ» ያሉትንም ጻፍሽው፤ ከጎኑ «ቤቱን የማያውቁትን ሰው መከተል» ብለሽ የጥያቄ ምልክት አደረግሽበት። «ተከታተለ»ን ለብቻው አወጣሽው፦ ትምህርት የሚከታተል አለ፣ በሽተኛ የሚከታተል አለ፣ ዓይንን ሳይነቅሉ መያዝ ነው ብለሽ። ታቦት ይታጀባል፣ ሙሽራ ይታጀባል፤ «አጀበ» ገባ። ትእዛዝ ማክበርም መከተል ነው። መምህር «ገባችሁ?» ሲል ፈረንጁ «ትከተሉኛላችሁ?» እንደሚልም ያን ጊዜ ከአንቺ ሰማሁ። በ«ሸኘ» ላይ ብቻ ተከራከርን። እኔ የሚሸኝ ሰው አብሮ ነው የሚሄድ እንጂ ከኋላ አይደለም አልሁ። አንቺ ሸኚ ይመለሳል፣ ተከታይ ግን አይመለስም፤ ልዩነቱ እሱ ነው አልሽ። አልተስማማንም። ይሁንና ገባ።

የንስሐ አባታችን ግእዙ «ተለወ» እንደሚል ነገሩሽ። ለማሳደድ ደግሞ «ዴገነ» አለ አሉሽ። «የሚከተልም የሚያሳድድም መንገዱ አንድ ነው፤ መምህርት፣ ልቡን ነው የምታይለት» ብለው መስቀላቸውን አሳልመውሽ ሄዱ።

ከሁሉ የወደድሁት ግን የአያ ሞላን ነው። በበቅሎዎቻቸው ከአምቢኮ ነጭ ሽንኩርት የሚያወርዱልኝን የአያ ሞላን። «አያ ሞላ፣ እርስዎ በቅሎዋን ይመራሉ ወይስ ይከተላሉ?» ብለሽ ጠየቅሻቸው። ጭነቱን እየፈቱ ነበር፤ እጃቸውን አላቆሙም። «በቅሎ ትቀድማለች እንጂ አትመራም፣ ልጄ። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ከኋላ ነው የሚሄድ። ከፊት ከሆንሁ ጭነቱ ሲያዘነብል ማን ያይልኛል?» አሉሽ።

የወደድሁት የእኔን አሠራር ስለመሰለኝ ነው። እኔም መኪናውን አስጭኜ ወደ ጎንደር አስቀድመዋለሁ፤ የቀረውን መዝኜ፣ መጋዘኑን ቆልፌ፣ በሚኒባስ እከተላለሁ። ጭነት ይቀድማል፣ ባለቤት ይከተላል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሠርቼ አንድ ጆንያ አልጠፋብኝም።

በገጹ ላይ ዘጠኝ መስመር ሞላሽ። የአሥረኛውን ቁጥሩን ብቻ ጽፈሽ ተውሽው። ምን ልታስገቢበት እንደነበር አልነገርሽኝም። በአራተኛው ቀን ታመምሽ።

ያን ቀን አንቺም ነበርሽበት፤ ከእኔ በኩል ያለውን ግን አታውቂውም። ሐኪሞቹ ጎንደር ትሂድ አሉ። አምቡላንሱ የሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ ቆሟል። አንቺ ተኝተሻል፤ ይርገዱ ራስሽን ይዛ ተቀምጣለች። ነርሷ በሩን ይዛ «አንድ ሰው ይጨመር፤ ቦታ አለ» አለችኝ። የገበያ ቀን ነበር። መጋዘኑ በር ላይ አይሱዙ ቆሞ ነጭ ሽንኩርት እየተመዘነ ነበር፤ ሚዛኔን ደግሞ ለሌላ ሰው ትቼ አላውቅም። «ቅደሚ፣ እከተልሻለሁ» አልሁሽ። «እሺ» አልሽ። በሩ ሊዘጋ ሲል «ስትመጣ መነጽሬን አምጣልኝ» አልሽኝ። ጉዳዩ ይህን ያህል ነበር።

ክፋት አልነበረበትም። ልቤን መርምሬዋለሁ፤ ቸልታም አልነበረበትም። የለመድሁትን ነው የሠራሁት። ጭነት ይቀድማል፣ ባለቤት ይከተላል። አንቺንም እንደ ጭነት ላክሁሽ። ይህን ጽፌ ሳነበው ይከብዳል፤ ልክ ስለሆነ ግን አልሰርዘውም።

መኪናውን አስጭኜ፣ መነጽርሽን ከቤት አምጥቼ ኪሴ ከትቼ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ዳባት ስንገባ አምቡላንሱ ከፊት ለፊታችን መጣ። ጩኸት የለውም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ጋቢናው ውስጥ ይርገዱን አየኋት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ሹፌሩን ወራጅ አልሁት። አምባ ጊዮርጊስ ሳትደርሱ እንዳበቃ የሰማሁት ኋላ ነው፤ ግን ነጠላዋን ካየሁ በኋላ የሚነግረኝ አላስፈለገኝም። አሸዋ የጫነ መኪና ለምኜ ወደ ደባርቅ ከኋላሽ መጣሁ። የተከተልሁሽ ያን ጊዜ ነው።

የዚያን ቀን የማስታወሻዬ ገጽ ሁለት መስመር አለው፦ «ነጭ ሽንኩርቱ ተጫነ። ጥሩ አረፈች።» በዚህ ቅደም ተከተል።

ማስተዋል ከእንግዶች ጋር አምቢኮ ነበረች። በበቅሎም በእግርም ብላ ለቀብር ደረሰች። ከቀብር ስንመለስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «አባዬ፣ ለምን አብረሃት አልሄድህም?» አለችኝ። «ቦታ አልነበረም» አልኋት። አስቤው አይደለም። ገዢ መጥቶ ማሳየት የማልፈልገውን ዕቃ ሲጠይቀኝ «አለቀ» እንደምለው አፌ ቀደመ። ይርገዱ አጠገቤ ነበረች። ዞራ አየችኝና ማስተዋልን ደግፋ መንገዷን ቀጠለች።

አንዴ የወጣ ቃል ሰው ትከሻ ላይ ማረፉ አይቀርም። ይኸኛው ያረፈው ነርሷ ላይ ነው። ማስተዋል፣ ቦታ ከልክላ አባቴን ያስቀረችው እሷ ናት ብላ ያዘችባት። ሴትዮዋ ለልቅሶ ዳቦ ይዛ ብትመጣ ማስተዋል ከእጇ አልተቀበለችም። ቤተ ክርስቲያን ስትገናኛት ፊቷን ታዞራለች። እኔ አያለሁ። ዓመት ሙሉ አየሁ። ነገ እነግራታለሁ እያልሁ ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ። እውነቱን ልንገርሽ ካልሁ፣ ፈራሁ። አንቺ ከሄድሽ የቀረችኝ እሷ ናት፤ ይህን ከሰማች እሷም ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ።

ሙት ዓመትሽ ሲቃረብ ማስተዋል በሬ አይታረድ አለች። ደብተርሽ ተባዝቶ ለትምህርት ቤቱ ይሰጥ፣ ለመጣው ሰው ዳቦና ጠላ ይበቃል ብላ ቆረጠች። የደረስጌው አጎትሽ «እንግዲህ ወረቀት ልንበላ ነዋ» ብለው አጉረመረሙ። ጠላው ሲቀመስ ግን ስለ ወረቀቱ ረሱት። ይህን የነገርሁሽ እንድትስቂ ነው፤ ወደ ኋላ ልመለስ።

ማስተዋል ገጹን ሁሉ በኮምፒውተር ስታስጽፍ ቆይታ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ደብተሩን ይዛ መጋዘን መጣች። «አባዬ፣ አሥረኛው መስመር ባዶ ነው። እማዬ ቃሉን ስትሰበስብ አብረሃት ነበርህ፤ አንተ ሙላው። ከሳንቃ በር ስመለስ እወስደዋለሁ። ካልሞላህ ዘጠኝ ብዬ እዘጋዋለሁ» አለችኝ።

ሁለት ቀን ነበረኝ። ብዙ ቃል መጣልኝ። «ተተካ» አለ። «ፈለጉን ያዘ» አለ። «ሰኞን ማክሰኞ ይከተለዋል» የሚለውም አለ። ሁሉም ደህና ቃል ነው፤ አንዱን ጽፌ ብገላገል ማንም አይጠይቀኝም። ይርገዱ ቤታችን መጥታ ምስር ትለቅም ነበር። «ምን ልጻፍ?» አልኋት። እጇን ከምስሩ ሳታነሳ «ታከለ፣ እኔ ዓመት ሙሉ ያንተን አፍ ተሸክሜ ኖርሁ። ከእንግዲህ ትከሻዬ አይችልም። ነርሷ ትናንት መንገድ ላይ አግኝታኝ ‹ያቺ ልጅ ምን አድርጌያት ነው?› አለችኝ። ምን ልበላት?» አለች።

እኔ ነገር ስመዝን ነው የኖርሁት። ብጽፈው ልጄን አጣለሁ፤ ባልጽፈው ያልበደለች ሴት የእኔን ተሸክማ ትቀራለች። በዚያ ላይ ልጄ የምትወደው ያልሆንሁትን ሰው ነው። እስክሪብቶ አነሳሁ። እንዲህ ጻፍሁ፦

«፲. እከተላለሁ። ለመሄድም ለመቅረትም ይባላል። ምሳሌ፦ ‹ቅደሚ፣ እከተልሻለሁ› አላት። በአምቡላንሱ ውስጥ ቦታ ነበረ።»

ማስተዋል በማግስቱ ከሰዓት መጣች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆማ አነበበችው። ሁለቴ አነበበችው መሰለኝ። «ቦታ ነበረ?» አለች። «ነበረ» አልኋት። «አክስቴ ታውቃለች?» «ታውቃለች።» ደብተሩን ዘጋች። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ቦርሳዋን አስተካክላ ደብተሩን ይዛ ወጣች። ከዚያ በኋላ ስድስት ቀን ቤት አልገባችም። አያ ሞላ ጭነት ይዘው ሲወርዱ «ልጅህን ሳንቃ በር አየኋት። እህል ትበላለች፤ ሰው ግን አታነጋግርም» አሉኝ። ይህንኑ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁት።

እኔ በዚህ መሐል አንድ ነገር ሠራሁ። ነርሷ ቤት ሄጄ ነገርኋት። ሴትዮዋ ልጇን ታጥብ ነበር፤ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አዳመጠችኝ። ይቅር በይኝ አልኋት። «እኔ እኮ ያን ቀን በሩን ቶሎ ያልዘጋሁት ይመጡ ይሆናል ብዬ ነው» አለችኝ። ልጇን ወደ ማጠቡ ተመለሰች።

የሙት ዓመትሽ ዕለት ማስተዋል መጣች። ጸሎተ ፍትሐቱ ሲደርስ ከሴቶቹ ጋር ቆመች። ሲያበቃ በሰው መሐል አቋርጣ ሄዳ ነርሷን ትከሻዋን ሳመቻት፤ ጎንበስ ብላ ቆይታ ሳመቻት። ወደ እኔ አልመጣችም። የተባዛው ደብተር ሲታደል አንዱ ደረሰኝ። ከመጨረሻው ገጽ ነው የጀመርሁ። አውጥታዋለች ብዬ ነበር። አሥረኛው መስመር እንዳለ ነው፤ አንድ ፊደል አልጎደለም። ስም የለበትም። የሰባተኛ ክፍል ልጆች ማን እንደሆነ ሳያውቁ ያነቡታል፤ ርእሰ መምህሩ «ይቺ ምሳሌ ጥሩ ናት፤ ከየት አመጣቻት?» ብለውኛል። አላውቅም አላልሁም። «ከቤት ናት» አልኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ማስተዋል ቤት ትገባለች። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ደኅና እደር፣ ደኅና ዋል ትለኛለች። ጨዋታ የለም። አልቸኩልባትም።

ያለፈው የገበያ ቀን ግን እንዲህ ሆነ። መጋዘኑ በር ላይ መኪና ቆሟል፤ ሚዛኑ ላይ ነጭ ሽንኩርት አለ። ማስተዋል ቦርሳዋን አንግባ በበሩ አለፈች። «ሄድሁ» አለች፤ ቆማ አይደለም፣ እያለፈች። ከዚያ በፊት ቢሆን «በሰላም ግቢ» እልና ዓይኔን ወደ ሚዛኑ እመልሳለሁ። ጆንያውን ከሚዛኑ አወረድሁት። ጫኙ «ጋሼ፣ ምን ሆኑ? ሹፌሩ ይሄዳል» አለኝ። «ይሂድ» አልሁት።

ነይ አላልኋት፣ ቁሚ አላልኋት፤ ዝም ብዬ ከኋላዋ ሄድሁ። ሰማችኝ፤ አልዞረችም። ድንች ሻጮቹን አልፈን፣ አስፋልቱን ተሻግረን ወደ ፓርኩ የሚወስደውን የጠጠር መንገድ ያዝን። እትዬ ሰርኬ «ዛሬ ደግሞ ጋሽ ታከለን ማን ፈታቸው?» ስትል ሰማኋት። ማስተዋል ትቸኩላለች፤ እኔ ትንፋሽ አጠረኝ። አቀበቱ ሲጀምር አየሁ፤ የቦርሳዋ የግራ ማንገቻ ላልቷል፤ ሸክሙ ወደ ቀኝ አዘንብሏል። ከፊት ብሆን አላየውም ነበር።

«ማንገቻሽ ላልቷል» አልኋት።

ቆመች። ዞራ አላየችኝም። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች፤ እንዳጠብቅላት ነው። አጠበቅሁላት። ዘለበቱ አልይዝ ብሎኝ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ታገሠችኝ። ሲያልቅ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ሞከረችውና «በቃ፣ ተመለስ አባዬ፤ ፀሐዩ ይመታሃል» አለች። ትንሽ አብሬያት ሄጄ እንግዶቿ ከሚጠብቁበት ስትደርስ ተመለስሁ። «ሸኘ» ላይ የተከራከርነው ትዝ አለኝ። አንቺ ልክ ነበርሽ።

እንግዲህ ላብቃ። ለሟች ደብዳቤ ሲጻፍ እከተልሻለሁ ብሎ መጨረስ የተለመደ ነው። እኔ አልልሽም። መከተሉስ ለማን ይቀራል፤ ግን ያንን ቃል ከእኔ የሚገዛ የለም፤ አንቺም አትገዢኝም። ይልቅ የምችለውን ልንገርሽ። የሚሄድ ሰው በመጋዘኔ በር ሲያልፍ ሚዛኑን አቆማለሁ። ገበያ ቢሆንም፣ መኪና ቢቆምም አቆማለሁ፤ እስከ አቀበቱም ቢሆን እወጣለሁ። ባቆምሁት ቁጥር የማስበው አንቺን ነው። ለመርሳት የሚመች አይደለም፤ ገበያው በየሳምንቱ ነው።

መነጽርሽ እኔ ዘንድ ነው። ከኮት ኪሴ አውጥቼው አላውቅም።

ታከለ